ይህን ከማን ተማሩት?

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የልጄ ልጅ ሕሊና የእንግሊዝኛ የቤት ሥራዋን ይዛ አጠገቤ ቁጭ አለች። እኔ እዚሁ መሐል ሜዳ እንግሊዝኛ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ጥያቄው ወደ እኔ ይመጣል ብዬ መነጽሬን ጠርጌ ተዘጋጀሁ። ልጅቷ ግን ስልኳን አወጣችና እሱን ጠየቀችው። ቅር አለኝ፤ አልዋሽም። የጠየቀችው «ራን» ስለምትባል ቃል ነው። እንግሊዝኛ የጀመረ ሕፃን ሁሉ «ሮጠ» ማለት እንደሆነች የሚያውቃት ቃል ናት። ስልኩ ግን ሌላ ሌላ ትርጉም መደርደር ጀመረ። ሕሊና በአውራ ጣቷ ወደ ላይ ትገፋለች፣ ትገፋለች፣ ዝርዝሩ አያልቅም።

«እማዬ፣ ይኼ ነገር ማለቂያም የለው» አለች።

«ለመሆኑ ይህን ሁሉ ከማን ተማረው?» አልኳት።

ሳቀችብኝ። ስልክ እኮ ነው፣ ደግሞ ስልክ ከማን ይማራል አለችኝ። እኔ ግን ከልቤ ነበር የጠየቅኳት። የዚህችን ቃል ትርጉም የሚዘረዝር ሁሉ ከማን እንደተማረው መናገር አለበት ብዬ ማመን የጀመርኩት ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ያኔ በዚህች ጥያቄ ምክንያት ትምህርቴ ሊቀር ለጥቂት ነበር።

ያደግኩት ከመሐል ሜዳ ግማሽ ቀን በእግር በሚያስኬድ ደጋ ላይ ነው። አባቴ መሪጌታ ነበሩ። በበዓል ቀን ማኅሌት ይመራሉ፤ በሌላው ቀን እንደማንም ሰው ገብሳቸውን ያርሳሉ፣ በጋቸውን ያረባሉ። የእኛ ቤት ሰው መጠርጠር ይወዳል። መንገደኛ ውሃ ጠጥቶ፣ መርቆ ሲወጣ እናቴ ዞር ብላ ጣሳው መኖሩን ታያለች። አባቴ ደግሞ ደጃፍ ላይ ቆመው ሰውየው በየት በኩል እንደታጠፈ ይመለከታሉ። እኔ ከሁለቱም ወርሻለሁ፤ ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና፣ «አንቺ ሴት ፀሐይ በምሥራቅ ወጣች ቢሉሽ ወጥተሽ ሳታዪ አታምኚም» ይለኝ ነበር። እውነቱን ነው፤ አላምንም።

የአባቴ ጥርጣሬ የራሱ የሆነ ምልክት ነበረው። የጠረጠሩትን ሰው አይቆጡትም፣ አያመናጭቁትም፤ አንቱ ይሉታል። አንድ ጊዜ በግ ጠፍቶ የወንድማቸውን ልጅ፣ ገና ጢም ያላወጣውን ጎረምሳ፣ «ይግቡ፣ ይቀመጡ፣ በየት በኩል ነበር የዋሉት?» ብለውት ልጁ እዚያው ቁጭ ብሎ አለቀሰ። በጉ ኋላ ከጎረቤት መንጋ ውስጥ ተገኘ። ስለዚህ እኛ ቤት ያለ ቦታው አንቱታ ከተሰማ ሁላችንም ጥግ እንይዛለን።

ዘጠነኛ ክፍል መሐል ሜዳ እንድማር እሺ ያሉት በብዙ አማላጅ ነው። እሺ ሲሉም በቁርጥ ነበር። የማይረባ ነገር እየተማርሽ መሆኑን ያወቅኩ ዕለት አህያዬን ይዤ መጥቼ ዕቃሽን ጭኜ እመለሳለሁ አሉኝ። አባቴ ያሉትን የማይረሱ ሰው መሆናቸውን ስለማውቅ ያቺን አህያ በሕልሜ ሁሉ አያት ነበር።

የተከራየሁት እትዬ ሸዋዬ የሚባሉ ሴት ግቢ ውስጥ፣ በር ሲዘጋ የሚጨልም አንድ ክፍል ነው። ስንቄ ከቤት የመጣ ቆሎ፣ በሶና ድርቆሽ ነው። በሶውን በጠዋት በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጬ ስጠጣ ጥርሴ ይንገጫገጭ ነበር። የመሐል ሜዳ ጥቅምት ያው እንደምታውቁት ነው፤ ጠዋት ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ሲረግጡት ይንኮሻኮሻል። ከእኔ ክፍል ትይዩ ያለው ክፍል ባዶ ነበር። ትምህርት ከተጀመረ ሰነባብቶ፣ ሁሉም መምህር ቦታ ቦታውን ከያዘ በኋላ፣ መምህር ታፈሰ መጣና እሱን ተከራየ።

ቀጭን፣ ረጅም ካፖርት የሚለብስ፣ የሱፍ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ የሚያወርድ ሰው ነበር። ዕድሜው ወደ ሠላሳ ይጠጋል። እንግሊዝኛ ሊያስተምረን ነው የመጣው። እትዬ ሸዋዬ ገና ሻንጣውን ሲያስገባ ጀምረው ጠረጠሩት። በዓመቱ መሐል የሚመጣ ሰው ከሌላ ቦታ የተባረረ ነው አሉ። እንግዳ አይመጣበትም፣ ዘመድ አይጠይቀውም። በጠዋት ተነስቶ ብቻውን ያነበንባል፤ ግድግዳው ላይ ጆሯቸውን ቢለጥፉም ቃሉ አይለይላቸውም። ከሁሉ የከፋው ደግሞ የቤተ ክርስቲያኑ ነገር ነው። በበዓል ቀን ሰው ሁሉ ወደ ቅጥር ግቢው ሲገባ እሱ ከውጭ፣ ከባሕር ዛፎቹ ኋላ ቆሞ ይቀራል። ቄስ ወይም መሪጌታ በመንገድ ሲመጣ ካየ ፊቱን አዙሮ በሌላ መንገድ ይታጠፋል። እትዬ ሸዋዬ መጀመሪያ ጆሮ ጠቢ ነው አሉ። ቀጥለው ሃይማኖቱን የለወጠ ነው አሉ። ኋላ ደግሞ የጠዋቱን ማነብነብ ይዘው ድግምተኛ አደረጉት። እኔ ሦስቱንም በየተራ አመንኩ።

ክፍል ውስጥ ያለው ነገር ደግሞ የባሰ ግራ የሚያጋባ ነበር። ዘጠነኛ ክፍል ትምህርቱ ሁሉ ወደ እንግሊዝኛ የሚዞርበት ጊዜ ስለሆነ ሁላችንም ጨንቆናል። እሱ ጠመኔ አይነካም። ደብተር አውጡ አይልም። በርጩማ ስቦ ከፊታችን ይቀመጥና፣ እኛን ዙሪያውን ሰብስቦ፣ «ራን» ይላል። እኛም «ራን» እንላለን። ሰው ሲሮጥ ራን ነው አለ፤ ይኼንማ እናውቃለን። በማግስቱም ራን። ውሃ ሲፈስስ ራን ነው። ሌላም አለው፣ የአፍንጫችሁ ውሃ በብርድ ሲወርድ ራን ነው። ሌላም አለው፣ ከዚህ ደብረ ብርሃን የሚመላለሰው አውቶቡስ ራን ያደርጋል። በሳምንቱም ራን። አዲስ የተቀለመ የበግ ጠጉር ባና ሲታጠብ ቀለሙ ከለቀቀ ራን ነው፤ ጨው ከቤት ሲያልቅ፣ ሰው ትኩሳት ሲይዘው፣ ሴትዮ ሱቋን ስታስተዳድር፣ ጠባይ ከአያት ወደ ልጅ ልጅ ሲወርድ፣ ሁሉም እሷው ናት። እያንዳንዱን ይነግረናል፣ ምሳሌውን ያመጣል፣ ከዚያ ትናንት ካለው ጀምሮ በቃላችን ያስወጣናል። የተሳሳተ ካለ ከመጀመሪያው።

የክፍሉ ልጆች ወሬ ጀመሩ። ሰውየው የሚያውቀው እንግሊዝኛ ይህቺው አንዷ ቃል ናት፣ እሷንም ቢሆን እየለጠጠ ከራሱ ይፈጥራል አሉ። እኔም እንደዚያው መሰለኝ። አንድ ቃል እንዴት ውሃም ሱቅም ትኩሳትም ይሆናል? ያናደደኝ ግን ሌላ ነው። አርብ አርብ ለስንቅ ወደ ቤት ስወርድ ወንዟን ስሻገር «ራን» ይለኛል ልቤ። እናቴ ጨው አለቀ ስትል «ራን» ይለኛል። በታሪክና በጂኦግራፊ ደብተሬን ሞልቼ የጻፍኩት ሁሉ ጠፍቶኝ፣ ያልጻፍኩት ይኼ አልለቅ አለኝ። ድግምት ነው ያሉት እትዬ ሸዋዬ እውነታቸውን ይሆን እያልኩ አማትብ ነበር።

ኅዳር ላይ አባቴ ለገበያ መጡና እግረ መንገዳቸውን እኔ ዘንድ አደሩ። ያመጡትን ቆሎ አስቀምጠው፣ በሉ፣ ጸሎታቸውን አደረሱና እስቲ ደብተሮችሽን አምጪ አሉ። አንድ በአንድ ገለጡ። እንግሊዝኛ ማንበብ አይችሉም፤ የእንግሊዝኛው ደብተር ባዶ መሆኑን ለማየት ግን ንባብ አያስፈልግም። ቀና ብለው አዩኝ። አንድ ቃል ብቻ እየተማርን መሆኑን፣ እሷንም በቃል መሆኑን ነገርኳቸው። እትዬ ሸዋዬ ይኼን ሲጠብቁ የነበሩ ይመስል ገብተው የባሕር ዛፉን፣ የማነብነቡን፣ ፊት ማዞሩን ዘረገፉላቸው። እሳቸው ሲጨርሱ አባቴ፣ «እኚህን መምህር ነገ አያቸዋለሁ» አሉ።

እኚህን። ጉዴ ፈላ አልኩ። ከዚያ በኋላ እንቅልፍም አልወሰደኝ።

ጠዋት ለርዕሰ መምህሩ ነግረው ክፍላችን ገቡና ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ያለ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ነጭ ጥምጥማቸውን አሳምረው ጠምጥመዋል። መምህር ታፈሰ ገባ፣ ጥምጥሙን አየ፣ ፊቱ ዐመድ ሆነ። ይኼኔ ሃምሳ ዓይን ተጠቃቀሰ። ሰውየው በርጩማውን ትቶ ቆመ። የዚያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ ጠመኔ ያዘና ሰሌዳው ላይ የሆነ ነገር ጻፈ፤ ጠመኔው ይሰበራል። ድምፁ እንደ ሌሎቹ መምህራን የተሰላቸ ሆነ። አባቴ ምንም ሳይንቀሳቀሱ ያያሉ። አህያዋ እትዬ ሸዋዬ ግቢ ታስራለች። ይህ ሰው እንዲህ ከቀጠለ እኔ ከሰዓት በኋላ መንገድ ላይ ነኝ።

ጭንቅ ሲይዘኝ እጄን አወጣሁ። እውነት ለማወቅ አይደለም፤ ሰውየው ወደ ለመደው እንዲመለስልኝ ነው። መንገድስ ራን ያደርጋል ወይ አልኩት። ጠመኔውን አየው፣ እኔን አየኝ። «ያደርጋል» አለ ቀስ ብሎ። ከዚህ ተነስቶ በገደሉ አፋፍ፣ በሞላሌ አድርጎ ወደ ታች የሚሄደው መንገድ ራን ያደርጋል፤ መንገዱ ራሱ አይሄድም፣ ሰው ግን ሲያየው ይሄዳል። ይኼን ሲል በርጩማውን ሳበና ተቀመጠ። ሌላም አለው አለ። ዓይኑን ጨፈነ። አንገቱ ቀስ እያለ መወዛወዝ ጀመረ፣ ድምፁ ከፍና ዝቅ ማለት ጀመረ፣ እኛም ተከትለን ማለት ጀመርን፤ ከውሃው ወደ ባናው፣ ከባናው ወደ ሱቁ፣ አንዱን ከአንዱ እያያዝን ስንወርድ፣ መካከል ላይ በዚያው ዜማ «አንድም» አለ።

ዓይኑን ገለጠ። ከአፉ ያመለጠውን ያወቀው እሱ ብቻ ነበር። እሱና አባቴ። አባቴ ከአግዳሚው ላይ ቀና አሉ።

ይኼ «አንድም» በቤተ ክርስቲያን ትምህርት መጻሕፍት የሚተረጎሙበት መንገድ ነው። መምህሩ አንዱን ቃል ያነሳል፣ ፍቺውን ይሰጣል፤ ያ ሲያልቅ «አንድም» ብሎ ሌላውን ያስከትላል፤ ደግሞ «አንድም»። ተማሪው ዙሪያውን ተቀምጦ በጆሮው ሰምቶ በቃሉ ይይዛል። አባቴ በወጣትነታቸው እንዲህ ባለ ጉባኤ ቤት ተቀምጠዋል። የማላውቀውን ነገር የምነግራችሁ አይደለም፤ ልጅ ሆኜ በጎቹን ሲያስገቡ እንኳ ሲያንጎራጉሩት እሰማ ነበር። እንግሊዝኛ ክፍል ውስጥ ግን ይመጣል ብዬ እንዴት ልጠርጥር? ሁሉን ስጠረጥር ይኼ አመለጠኝ።

ደወል ሲደወል አባቴ መምህሩን ከክፍሉ ጀርባ ወዳለው ፀሐይ ጠሩት። እኔ ዣንጥላቸውን ይዤ ከኋላ ቆምኩ። አባቴ ጎንበስ ብለው በትሕትና ሰላምታ ሰጡት፤ ትሕትናቸው አስፈራኝ።

«መምህር፣ ይህን ከማን ተማሩት?»

«ኮሌጅ ነው፣ አባቴ።»

«ኮሌጅ ቤት ነው። እኔ የምጠይቅዎት ሰውየውን ነው።»

መምህር ታፈሰ መሬት መሬት ያያል። በጉባኤ ቤት ይኼ ጥያቄ ቀላል አይደለም። የተማረ ሰው የመምህሩን ስም ይጠራል፤ መምህሩም የራሱን መምህር ይጠራል። የማይጠራ ከሆነ ወይ ሰርቆታል ወይ ከራሱ ፈጥሮታል ማለት ነው። ከአባቴ አፍ ግን ያልጠበቅኩትን ሰማሁ።

«አንተ የጉባኤ ቤት ልጅ ነህ» አሉት። «ለምን ትደብቃለህ?»

አንተ አሉት። ሰውየውም የሰማው መሰለኝ፤ ኮፍያውን አወለቀና በእጁ ጨበጠው። ከዚያ ቀስ እያለ ተናገረ። ግሼ ውስጥ አንድ የኔታ ዘንድ ከልጅነቱ ጀምሮ ተቀምጧል። ንባቡን፣ ዜማውን፣ ቅኔውን አልፎ የዳዊትን ትርጓሜ ጀምሮ ነበር። የኔታ ከልጆቹ ሁሉ አብልጠው የሚወዱት፣ ጉባኤውን ይወርሳል ብለው የሚጠብቁት እሱን ነው። እሱ ግን አስኳላ መግባት አማረው። ልንገራቸው ቢል አፉ እምቢ አለ። አንድ ቀን እንደ ሌሎቹ ተማሪዎች የልመና አኩፋዳውን አንግቶ ቁራሽ ሊለምን ወጣና በዚያው ቀረ። አልተሰናበተም፣ አልተመረቀም። የኔታ የፈላ ሽሮ አስቀምጠው ሲጠብቁት እንደነበር ኋላ ሰማ። ከዚያ ወዲህ ጥምጥም ባየ ቁጥር ይህ ሰው ያውቀኛል፣ ይጠይቀኛል እያለ ይሸሻል። ጠዋት የሚያነበንበውም ያንኑ የዳዊት ትርጓሜ ነው፤ እንዳይጠፋበት።

«የኔታ አዝነውብኛል» አለ። «ያለ ምርቃት የያዝኩት ስለሆነ ቅጥር ግቢው ውስጥ መቆም ይከብደኛል።»

አባቴ ይራሩለታል ብዬ ጠበቅኩ፤ እኔ እንኳ አዝኜለታለሁ። አባቴ ግን ጥርጣሬያቸው አሁን ቦታ ያገኘ ሰው ሆኑ። ያልተመረቀ ትምህርት ለልጄ አይበረክትላትም አሉ። ሂድና ተሰናበት፣ አስመርቅና ና። እስክትመለስ ልጄ እዚህ ትቆያለች። የገና በዓል ሲቃረብ እመጣለሁ፤ ካላገኘሁህ ይዣት እገባለሁ። እንግሊዝኛው ልክ ይሁን አይሁን አንድ ቃል አልጠየቁትም። እኔ በገዛ ራሴ ትምህርት ላይ ሁለት ሰዎች ሲፈርዱ ዣንጥላ ይዤ ቆሜያለሁ።

በሳምንቱ ፈቃድ ጠይቆ ሄደ። ሲሄድ ሰላምም አላለኝ።

አንድ ሳምንት አለፈ። ሁለተኛውም አለፈ። የእንግሊዝኛው ክፍለ ጊዜ ሲደርስ ሜዳው ላይ እንፈሳለን። ልጆቹ መምህራችሁ የት ሄደ ሲባሉ «ራን» እያሉ ይንከተከታሉ። እኔ አልስቅም፤ እውነቱን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝና ለማንም አልናገርም። እትዬ ሸዋዬ በመስኮቱ አጮልቀው አይተው ማንቆርቆሪያውን ትቶ ጋቢውን ይዞ ነው የሄደው አሉ። ጋቢውን የያዘ ሰው አይመለስም። በዚህ ብርድ ጋቢ ሳይዝ ግሼ የሚወጣ ማን አለ ብላቸው፣ አንቺ ደግሞ ግሼ መሄዱን ማን ነገረሽ ብለው እኔንም መጠርጠር ጀመሩ።

እያደር እኔም ከዳሁት። አንድ ጊዜ ሳይሰናበት የሄደ ሰው ሁለተኛ ጊዜ ምን ያግደዋል? አባቴ ደግሞ መውጫ ቀዳዳ ሰጡት እንጂ ምን አደረጉ? ታሪኩን ራሱ ለመገላገል ፈጥሮት ቢሆንስ? የጠቀሰውን የኔታ ያየ የለም። ማታ ማታ ቆሎዬን እየቆረጠምኩ ይኼን ሳብሰለስል ምላሴ እህል አይለይም ነበር። አንዳንዴ ደግሞ ይናፍቀኛል። ሌሎቹ መምህራን የጻፉትን እየገለበጥኩ «ሌላም አለው» የሚል ድምፅ ይናፍቀኝ ነበር።

ገና ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው አባቴ አህያዋን እየነዱ መጡ። «እኚያ ሰው አልመጡም?» አሉ። የአንቱታው መመለስ ቁርጡን ነገረኝ። አልመጣም አልኩ። አልተቆጡኝም። ሳጥኔን አወጣን፣ ምንጣፌን ጠቀለልኩ፣ የቀረውን በሶ ለእትዬ ሸዋዬ ሰጠሁ። አባቴ ጭነቱን አህያዋ ላይ አስተካክለው በገመድ ጠፈሩ። ያን ጊዜ አለቀስኩ። እሳቸውም አዩኝ፣ ዞር ብለው ገመዱን ደግመው አጠበቁት።

የግቢው በር ተንኳኳና እትዬ ሸዋዬ ሲከፍቱ መምህር ታፈሰ ቆሟል። አቧራ ለብሷል፣ ከስቷል፣ ጋቢውን ደርቦ ትከሻው ላይ አሮጌ አኩፋዳ አንግቷል። የተጫነችውን አህያ አየ። አባቴ እጃቸውን ከገመዱ ላይ አላነሱም።

«መጣህ?» አሉ።

የዘገየሁት እስክጨርስ ነው አለ። ቆሞ ነገራቸው፤ ማንም ግባ አላለውም። የኔታ ዓይናቸው ደክሟል። እግራቸው ላይ ወድቆ ታፈሰ ነኝ አላቸው። ስለ መጥፋቱ አላነሱም፣ ስለ ሽሮውም አላነሱም።

«ምን አሉህ?» አሉ አባቴ።

«የት ላይ ነበር ያቆምከው? አሉኝ። ነገርኳቸው። እንግዲያው ቀጥል አሉኝ።»

የቀረውን የዳዊት ትርጓሜ ካቆመበት ቀጠለ። ደመወዝተኛው መምህር ከትንንሾቹ ተማሪዎች ጋር ጎጆ ውስጥ አደረ፣ አኩፋዳ አንግቶ በየደጃፉ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ለመነ፣ ውሻም ነክሶታል፤ ሱሪውን ሰብስቦ ቁርጭምጭሚቱን አሳየን። ጨረስኩ ሲል የኔታ መረቁትና፣ በአስኳላው ምን እንደሚያስተምር ጠየቁት። ስለ «ራን» ነገራቸው። ስንት አንድም አላት አሉት። ቆጥሬ አልጨረስኩም አላቸው። የኔታ አንድ ነገር ብቻ አዘዙት፤ ከራስህ እንዳትጨምር።

አባቴ አሁንም አላመኑም። አባቴ ናቸዋ! እስቲ ያቆምክበትን በል አሉት። መምህር ታፈሰ እዚያው በር ላይ ዓይኑን ጨፍኖ ጀመረ። አባቴ አህያዋን ተደግፈው አዳመጡ። አንድ ቦታ ላይ ከንፈራቸው አብሮ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ሲጨርስ ገመዱን ፈቱ። ሳጥኔን በራሳቸው ትከሻ ተሸክመው ወደ ክፍሌ መለሱልኝ፣ ምንጣፉን አነጠፉና ባዶ አህያቸውን እየነዱ ለማኅሌት እንዳይዘገዩ ወጡ። እትዬ ሸዋዬ በሶዬን ግን አልመለሱም።

የዚያ ዓመት ገና መምህር ታፈሰ ቅጥር ግቢው ውስጥ ቆመ። እኛን ከዚያ በኋላ «አንድም» እያለ በግልጽ አስተማረን። ከ«ራን» ወደ ሌላ ቃል የተሻገርነው ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ነው፤ ግን ያቺን ቃል የያዘ ልጅ ሌላው ሁሉ አልከበደውም። እኔም መምህር ሆንኩ። ሳስተምር ኖሬ ከራሴ አንድም አልጨመርኩም፤ ያላገኘሁትን አላገኘሁትም እላለሁ።

ይህን ሁሉ ቅዳሜ ለሕሊና ነገርኳት። ስትሰማኝ ቆየችና፣ «አንቺ እንግዲህ ከመምህር ታፈሰ ተማርሽ፣ እሳቸው ከየኔታ ተማሩ» አለች። «የኔታ እንግሊዝኛ ይችሉ ነበር?»

«አንዲት ቃል አይችሉም» አልኳት። «ይኼ ስልክሽስ፣ ከራሱ ይጨምራል?»

አመነታች። አንዳንዴ ይጨምራል ሲሉ ሰምቻለሁ አለችኝ። አላልኩሽም ልላት ብዬ ተውኩት፤ ልጅ አይደለች፣ ታኮርፋለች። አውራ ጣቷ ስልኩ ላይ እንደቆመ ነው።

«የት ላይ ነበር ያቆምሽው?» አልኳት።

«ቀለም ሲለቅ የሚለው ላይ።»

«በይ ቀጥይ» አልኳትና፣ ከራሱ እንዳይጨምር መነጽሬን አድርጌ ወደ ስልኩ ጠጋ አልኩ።